የኦቦ ሰንበታ ባዶ ሜዳ

ሰው ሽማግሌ የሚልከው ልጃገረድ ሊያጭ ነው፤ አለዚያም ባልና ሚስት ሊያስታርቅ፣ ደም ሊያደርቅ ነው። የእኔ አማት ግን ለሳር ሽማግሌ ላኩ። አዎ፣ ለሳር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ይትባረክ እባላለሁ፤ አዳማ ላይ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ነጠላ አጣፍቼ ስለ ሳር ደጅ እጠናለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ነገሩን ለሰው ሳወራው ይስቃል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ቆሽቴን ያሳርረኛል።

አማቴ ኦቦ ሰንበታ ይባላሉ፤ የሚስቴ የቢሊሴ አባት ናቸው። ቆቃ፣ ከሐይቁ በላይ ባለው ጉብታ ላይ፣ ሰዉ «የእንግሊዙ ቤት» የሚለው ግቢ አለ። እዚያ ግቢ አትክልተኛ ሆነው ጎልምሰው፣ እዚያው አርጅተው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከጓሮ ባለችው የአትክልተኛ ቤት ይኖራሉ። አዳማ ከእኛ ጋር ይኑሩ ብዬ ስንቴ ለምኛቸዋለሁ። መጥተው ጥቂት ቀን ይሰነብቱና «ቤታችሁ ሁሉ ግድግዳ ነው» ብለው ይመለሳሉ። ስለዚህ እሑድ በመጣ ቁጥር እኔና ቢሊሴ በሞጆ ዞረን፣ በሚኒባስ ተጨናንቀን፣ አቧራችንን ጠጥተን ቆቃ እንወርዳለን።

እንግሊዙ የተባለው ሰውዬ እንግሊዝም አልነበረም። ሚስተር ኬር የስኮትላንድ ሰው ነበር፤ እንግሊዝ ሲሉት ፊቱ በርበሬ ይመስል ነበር አሉ። ማን ሊሰማው! እስከ ዛሬም እንግሊዙ ነው። በንጉሡ ዘመን ብርቱካንና ፓፓያ ሊያለማ መጣና ቀናው። አባቱ አገሩ ላይ የአንድ መኳንንት ቤት አትክልተኛ ነበር፤ ልጁ ኬር በዚያ ግቢ ከኋላ በር በቀር በፊት በር ገብቶ አያውቅም። እንግዲህ እዚህ መጥቶ እጁ ገንዘብ ሲይዝ ያንኑ ግቢ አሳንሶ፣ የፊቱን በር የራሱ አድርጎ ሊሠራው ተነሳ። ፎቶግራፉን አማቴ አይተውታል፤ ትልቅ ግራጫ የድንጋይ ቤት፣ ፊቱ ሰፊ ሳር፣ ዛፎቹ ዳርና ዳር ተሰብስበው የቆሙ፣ ከሳሩ ማዶ ውሃ። የሚገርመው፣ ኬር ፎቶውን እያሳየ እዚህ ሲያሠራ ያኛው ቤት በሕይወት አልነበረም። ወራሾቹ ግብሩና ጥገናው ሲከብዳቸው ጣራውን አውርደው፣ ድንጋዩን ሸጠው፣ ሜዳውን ለበግ ትተውት ነበር። ኬር ይህን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀር እንደነበር አማቴ ይናገራሉ።

ሲያሠራም ሰዉን ግራ አጋባ። ከዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ቤቱ ደጃፍ መድረስ ሲቻል፣ ቤቱ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ድንገት ብቅ እንዲል ብሎ መንገዱን አጣመመው። በረንዳው ፊት አጥር ማየት አይፈልግም፤ ከብት በረንዳው ላይ እንዲወጣበትም አይፈልግም። ስለዚህ ሜዳውን አቋርጦ የሚያልፍ፣ አንድ ጎኑ በድንጋይ የተገነባ ጥልቅ ቦይ አስቆፈረ። ከበረንዳው ሲያዩት ቦዩ የለም፤ ሳሩ ሳይቆራረጥ እስከ ውሃው ይወርዳል፣ ላሞቹም ደጅ ላይ የሚግጡ ይመስላሉ። እኔ መጀመሪያ ለጋብቻ ጥየቃ የሄድኩ ቀን ቦዩን ሳላይ ልገባበት ነበር፤ ቢሊሴ ናት ክንዴን የያዘችኝ። ያንን ቦይ ከቆፈሩት የቀን ሠራተኞች አንዱ አማቴ ናቸው፤ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበሩ።

ሜዳው ለምን ወደ ውሃው እንደተከፈተ ግን ኬር ራሱ አያውቅም። ይህን የነገረችኝ ቢሊሴ ናት፤ እሳቸው ስለራሳቸው ማውራት አይወዱም። የቆቃ ግድብ ሞልቶ ውሃው ሲተኛ የአማቴ የትውልድ መንደር አብሮ ተዋጠ። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ሞተው፣ መንደሩ ዳር ከነበረ አንድ ትልቅ የኦዳ ዛፍ ሥር ተቀብረው ነበር። ሰዉ ከብቱን እየነዳ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ። መቃብሩ እዚያው ቀረ። የኦዳው ጫፍ ደርቆ ከውሃው በላይ ለብዙ ዓመት ይታይ ነበር፤ በመጨረሻ እሱም ወደቀ። ታዲያ ኬር ሜዳውን በዝቋላ በኩል ሊከፍት አስቦ ቁጥቋጦውን መንጥሩ ብሎ ሲያዝ፣ ወጣቱ ሰንበታ ምንጣሮውን የጀመሩት ከሐይቁ በኩል፣ ልክ በዚያ ኦዳ ትይዩ ነው። ኬር ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥቶ ሲያይ ልቡ ደነገጠ፣ ወደደው፣ ዛፉም ቦዩም ሁሉ በዚያው ተቀየሰ። አማቴ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ሰው ሳይነሳ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ በዚያ ክፍት ሜዳ ውሃውን እያዩ፣ በኦሮምኛ «እንዴት አደርሽ» ይላሉ። ሌላ መቃብር የላቸውም። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉትም ይኸው ሜዳው ክፍት ሆኖ መኖሩን ብቻ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ኬር ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ቤቱ አንዴ የእርሻ ቢሮ፣ አንዴ የወታደር መኖሪያ፣ አንዴ የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ። የገባው ሁሉ በረንዳው ላይ ቆሞ የሚናገረው ግን አንድ ነው፤ «ይህ ሁሉ መሬት ባዶውን ይቀመጣል እንዴ?» ባዶ መሬት ሲያይ የማያቅበጠብጠው ሰው በዚህ አገር የለም መሰለኝ። አንዱ አርሶ በቆሎ ዘራበት። አማቴ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት፤ በቆሎ በኅዳር ይታጨዳል፣ ውሃው ተመልሶ ይታያል። ወታደሮቹ ኳስ ተጫወቱበት፣ ቦዩንም ምሽግ አደረጉት። ይህንንም ወደዱት፤ ኳስ ዓይን አይከልልም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁሉንም ሸኙ፣ ሜዳውንም እያጨዱ፣ የሚበቅለውን ቁጥቋጦ እየነቀሉ አቆዩት።

ከዚያ የችግኝ ዘመን መጣ። ግቢው አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት ማሠልጠኛ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ሠራተኛው ቲሸርት ለብሶ፣ መኪና ሞልቶ ችግኝ ይዞ ይመጣል። እኔ ዛፍ አልጠላም፤ አዳማ ላይ በዚያ ሐሩር የምኖር ሰው እንዴት ዛፍ ልጥላ! ደግሞም በየዓመቱ ዳር ዳሩን እየተከሉ፣ ፎቶ እየተነሱ፣ ከዚያ ማንም ዞር ብሎ ሳያጠጣው ችግኙ ጥር ሳይደርስ ድርቅ ይላል። በቀጣዩ ክረምት እዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ ይተከላል። አማቴ ይህንን ዝም ብለው ያዩ ነበር፤ አልፎ አልፎም ከዳሩ ያለውን ችግኝ ተደብቀው ሲያጠጡ ቢሊሴ ትይዛቸዋለች። ካቻምና ግን አንድ ባለሙያ ኖራ ይዞ መጥቶ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጥብ በነጥብ አደረገው። ግራቪሊያ ሊተከል ነው ተባለ። በማግስቱ ወጣቶች መጥተው ጉድጓዱን ቆፈሩት።

እሑድ ስንደርስ አማቴ በረንዳው ላይ ናቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ቢሊሴ አየችና ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደሜ ፈላ። አሁኑኑ የማሠልጠኛው ኃላፊ ጋ ገብቼ ልንገረው፣ የእናታቸው መቃብር በዚህ በኩል ነው ልበለው አልኩ። እሳቸው እጃቸውን አነሱ። የሞተ ሰው ጉዳይ ቢሮ ገብቶ እንደ ማመልከቻ አይነገርም፤ ደግሞም አማች ስለ አማቱ እናት አፉን ሞልቶ አይናገርም፤ ነገሩ በወግ ነው የሚሄደው፣ ሽማግሌ ይላካል አሉ። አማች ሆኖ አማትን እምቢ ማለት እንዴት ነው? አይቻልም።

ሽማግሌ ተብለው የተመረጡት ጋሽ ተክለሃይማኖትና አባ ኡበይደላ ናቸው። ጋሽ ተክለሃይማኖት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት የሠሩ፣ አፋቸው ማር የሆነ ሰው ናቸው፤ ቆቃ ላይ ያለሳቸው የሚታጭ ልጅ የለም። አባ ኡበይደላ ዕድሜያቸውን በሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ፣ ምርቃታቸው የሚደርስ ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛው እኔ፣ ፀጉሬ ገብስማ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ልጅ እግር ከኋላ ተከተልኩ።

ኃላፊው ዘካርያስ ይባላል። ክፉ ሰው ቢሆን በተገላገልኩ ነበር፤ እሱን እየረገምኩ እኖር ነበር። ግን ጨዋ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ብድግ ብሎ እጃቸውን ሳመ፣ ወንበሩን ለቀቀላቸው፣ ለስላሳ አስመጣ። ጋሽ ተክለሃይማኖት ነጠላቸውን አስተካከሉና ጀመሩ። አጀማመራቸውን ብታዩ! ስለ አገር ሰላም፣ ስለ ክረምቱ መልካምነት፣ ስለ ዘካርያስ አባት ደግነት ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ። ከዚያ ወደ አማቴ መጡ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ለዚህ ግቢ ሰጠ፣ ይህንን ሜዳ እንደ ልጁ አሳደገው፣ በዚህ ሜዳ ላይ ልቡ አለ፣ አሁን በእርጅናው እንዳያዝን ብለን፣ አንተም ልጃችን ስለሆንክ፣ ሜዳውን አስመልክተህ አንድ ነገር እንድታደርግለት ነው የመጣነው አሉ። «አትትከሉበት» የምትለዋ ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣችም። በሽምግልና ነገር በቀጥታ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ሰሚው ራሱ እንዲደርስበት ይተዋል። እኔ ከኋላ «ሜዳው እንዲያው...» ብዬ ልጀምር ስል ጋሽ ተክለሃይማኖት ጉልበቴን ጨበጡት። ታላላቆች ሲናገሩ ጣልቃ አይገባም። ያንን ጉልበቴን እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ዘካርያስ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

«ገባኝ አባቶቼ» አለ። «እኛ ማሰብ ነበረብን፤ እናንተ እስክትመጡ መጠበቃችን ራሱ ያሳፍራል። እሺ። በደስታ እሺ።»

በወጉ ደግሞ አንዴ እሺ ከተባለ አለቀ። ተነስቶ መመረቅ ነው። እሺ ያልከው ምኑን ነው ብሎ መጠየቅ እሺታውን አለማመን፣ ሰውን ማዋረድ ነው። አባ ኡበይደላ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፣ አሜን አሜን አልን፣ ወጣን። ጋሽ ተክለሃይማኖት በመንገዱ ላይ ነገሩን እንዴት እንዳለዘቡት እየደጋገሙ አወሩን። አማቴ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ቢሊሴ ኮታቸውን አጠበችላቸው። የምስጋና ነገር ይኖራል፣ በተከላው ቀን ከአጠገቤ አይለዩ ብሎ ዘካርያስ መልእክት ልኮላቸው ነበር።

የተከላው ቀን፣ የሚተከለው እንደ ወትሮው ዳር ዳሩን ነው ብለን ሄድን። የመንገዱን የመጨረሻ መታጠፊያ አልፈን ቤቱ ብቅ ሲል ከቤቱ በፊት ያየነው አንድ ትልቅ ጨርቅ ነው። በሁለት ምሰሶ ላይ ተወጥሮ ተሰቅሏል፤ «የኦቦ ሰንበታ መታሰቢያ ደን» ይላል። ጉድጓዶቹ አልተደፈኑም። እንዲያውም ተጨምረዋል፤ ሜዳው በሙሉ፣ ቦዩ ድረስ። ጋሽ ተክለሃይማኖትን ዞር ብዬ ሳይ ጨርቁን እያነበቡ አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል። በሕይወታቸው ቃል ያጡት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዘካርያስ በደስታ ፊቱ እያበራ መጣ፤ አማቴን በክንዳቸው ይዞ ሜዳው መሃል ወሰዳቸው። ሕዝቡ ተከተለ። ስለ እሳቸው ረጅም ንግግር አደረገ፣ ዛፍ ሲንከባከቡ የኖሩ አባት ስማቸው በዛፍ ይኖራል አለ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ አንድ የግራቪሊያ ችግኝ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። የመጀመሪያው በእጅዎ ይተከል አላቸው። ጉድጓዱ ልክ በበረንዳውና በውሃው መካከል ነው። አማቴ ችግኙን ተቀበሉ። ውሃውን አዩ። እኔ ይወረውሩታል ብዬ ጠበቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ ይወርውሩት ይወርውሩት እያልኩ በሆዴ እጸልይ ነበር።

«ይኼ ሲያድግ ምን ያህል ይረዝማል?» አሉ።

«ከቤቱ ጣራ በላይ ነው አባቴ!» አለ ዘካርያስ። እንደገና ተጨበጨበ።

አማቴ ተንበረከኩ። ላስቲኩን ቀስ ብለው ቀደዱ፣ ሥሩን በጣታቸው ፈታ ፈታ አደረጉት፣ አፈሩን መልሰው በመዳፋቸው ጠቀጠቁት። ለይምሰል አልተከሉትም፤ እንዲጸድቅ አድርገው ነው የተከሉት። ቢሊሴ ማየት አቅቷት ወደ ጓሮ ሮጠች።

የዚያን ቀን ማታ ሳንለያይ ከአማቴ ጋር ተጣላን ማለት ይቻላል። ዘካርያስ ጋ ተመልሰን በግልጽ እንንገረው አልኳቸው። ሰውዬው አክብሮኝ ነው፣ ያከበረኝን ሰው ክብርህ ሐዘኔ ነው እንዴት እለዋለሁ አሉኝ። ችግኞቹ ላይ ፍየል ልልቀቅ አልኩ፤ ገላመጡኝ። እንግዲያው አንድ ተስፋ ቀረን፤ ያንንም በሚኒባሱ ውስጥ ለቢሊሴ ነገርኳት። ምንም ማድረግ አያስፈልገንም አልኳት። ማንም አያጠጣውም፣ ጥር ሳይደርስ ይደርቃል፣ እንደ ወትሮው። ስሟ ደን ይባል እንጂ ሜዳዋ ሜዳ ትሆናለች። ቢሊሴ በእንባዋ መሃል ሳቀች። እኔም በእንዝህላልነታችን ያን ቀን ኮራሁ።

ዝናቡ አለፈ፣ ጥቅምት ገባ፣ ኅዳር ገባ። እንደተባለው ሆነ፤ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ባልዲ ይዞ አልመጣም። ጨርቁ እንኳ በነፋስ ተቀድዶ ወደቀ። አንድ እሑድ ስንደርስ አማቴ በረንዳው ላይ የሉም። ወደ ሜዳው አየሁ። ጀሪካን ይዘው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ከችግኝ ወደ ችግኝ እየሄዱ ያጠጣሉ። ዙሪያውን ኮትኩተውታል፣ ከፀሐይ እንዲከላከል ደረቅ ሳር ጎዝጉዘውለታል። ሮጥኩ። አበዱ እንዴ አባባ አልኳቸው፤ አማት መሆናቸውንም ረሳሁት። ይተዉዋቸው፣ ዝም ብለው ብቻ ይቀመጡ፣ በራሳቸው ይደርቃሉ፣ ማንም አይወቅስዎትም ብዬ ጮህኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

«ዛፉ ምን አደረገ ልጄ?» አሉኝ። «እሱ እኮ ማን እንደተከለው፣ የት እንደተከለው አያውቅም። ውሃ ሲጠማው እያየሁ እንዴት አድርጌ ቁጭ እላለሁ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ግቢው ውስጥ በየዓመቱ የተተከለው ሁሉ ሲደርቅ፣ መድረቅ የነበረበት ይኼኛው ብቻ ጸደቀ። አንድም አልሞተም። ዘካርያስ ጎብኚ እያመጣ ያሳያል፤ ምሥጢሩ የሕዝብ ባለቤትነት ነው እያለ ያስረዳል። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ለነገሩ ወዲያ ማዶ ምን የሚታይ ነገር አለ፣ እምቦጭ የወረረው ውሃ ነው አለኝ። ልናገር አፌን ስከፍት አማቴ ከወንበራቸው ሆነው አዩኝ፤ ዘጋሁት።

ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል፤ ያውም በቆቃ ሙቀት፣ ያውም እንዲያ ተቀልቦ። መጀመሪያ ውሃው በቅጠሎቹ መካከል እየተቆራረጠ ይታይ ነበር። ቀጥሎ አማቴ ወንበራቸውን ወደ በረንዳው ቀኝ ጠጋ አደረጉ። ከዚያ ትንሽ ደግሞ ጠጋ። በመጣን ቁጥር ወንበሩን ሌላ ቦታ እናገኘዋለን። ቢሊሴ ወንበሩን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። አዳማ ስንመለስ በእኔ ላይ ትነጫነጫለች፤ ያን ቀን ቢሮ ውስጥ አፍ አልነበረህም ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ጉልበቴ ተይዞ ነበር።

ያለፈው እሑድ ስንሄድ ወንበሩ በረንዳው ጫፍ፣ መጨረሻው ምሰሶ ጋ ደርሷል። ከዚያ ወዲያ በረንዳ የለም። አማቴ አጠገባቸው አስቀመጡኝና በጣታቸው አሳዩኝ። በምሰሶውና በመጨረሻው ዛፍ መካከል አንዲት ቀጭን ክፍተት ቀርታለች፤ በእሷ ውስጥ ውሃው ይታያል። እነሆ እዚያች ላይ ነበር ኦዳው አሉኝ። ለእኔ ሲነግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያንኑ መጨረሻውን ዛፍ አተኩረው አዩት። ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ፣ የቀጨጨ ነው፤ ክፍተቷን ያልዘጋትም ስለዚሁ ነው።

«ይትባረክ» አሉኝ፣ «ያ ዳር ላይ ያለው ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ጉልበቴ ዛሬ እምቢ ብሎኛል። ጀሪካኑ ከበሩ ጀርባ ነው።»

አየኋቸው። ያሉትን የሚያውቁ መሆናቸውን ልጠይቃቸው ፈለግኩ። ያውቃሉ፤ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በሆዴ ዘካርያስን ሰደብኩ፣ ጋሽ ተክለሃይማኖትን ሰደብኩ፣ ያንን በሩቅ አገር ጣራው የወረደ ቤት ሳይቀር ሰደብኩ። ከዚያ ጀሪካኑን ሞላሁና ሄጄ አጠጣሁት።